ጋሽ መንበሩ ሳጥን የሆኑ ዕለት

አንድ ቀን ነው፤ ደሴ ላይ፤ ሰው ሁሉ ጾም ሳይገባ ልጁን ለመዳር በሚራኮትበት በሠርግ ወቅት። ከፒያሳ ወረድ ብሎ የጋሽ መንበሩ ሙዚቃ ቤት አለ። ጋሽ መንበሩ ድሮ ራሳቸው ኪቦርድ ይመቱ ነበር፤ ኋላ ጣታቸው ሲከብድ ሱቅ ከፈቱ። ሱቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሠርግ ተጫዋቾች የሚሸጥ የኮምፒውተር ፕሮግራምም ያሠራሉ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ላፕቶፑን ከኪቦርዱ ጋር ታገናኙትና ከፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ድምፅ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ጣታችሁ የሚነካው ኪቦርድ ነው፤ የሚወጣው ግን ክራር ነው፣ ዋሽንት ነው፣ ከበሮ ነው፣ ማሲንቆ ነው። ሁሉም ድምፅ ተዘጋጅቶ፣ ስም ወጥቶለት፣ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። ክራሩ ራሱ ስንት ዓይነት መሰላችሁ፤ የሚያለቅስ ክራር አለ፣ የሚስቅ ክራር አለ፣ ከሩቅ የሚሰማ ክራር አለ፣ ጠጅ ቤት ያመሸ የሚመስል ክራርም አለ።

ችግሩ ታዲያ ይኸው ብዛቱ ነው። ተጫዋቹ የሚፈልገውን ድምፅ ለማግኘት በጣቱ ወደ ታች ሲስብ፣ ሲስብ፣ ሲስብ ይውላል። ኩታበር ሠርግ ላይ አንዱ ማሲንቆ ፍለጋ ወደ ታች እንደወረደ ሙሽራው መጣ። ሕዝቡ ምን ያድርግ፣ በባዶ ጭብጨባ ተቀብሎ አስገባው፣ አስቀመጠው፣ ሥጋውንም አቀረበለት። ማሲንቆው የተገኘው ሙሽራው በልቶ እጁን ሲታጠብ ነው። ከዚያ ወዲህ የአካባቢው ተጫዋች ሁሉ ሱቁ እየመጣ «እባካችሁ መፈለጊያ አድርጉበት፤ እኛ እንጻፍ፣ ድምፁ ራሱ ይምጣ» እያለ ይነዘንዛል።

ፕሮግራሙን የሚሠራው ምንተስኖት ነው። ምንተስኖት ኮምፒውተር የተማረ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ምላሱ ከቁመቱ የማይተናነስ ጎረምሳ ነው። ሥራውን ይወዳል፤ ከሥራው አብልጦ ግን ትርሲትን ይወዳል። ትርሲት የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ሠርጋቸው ጾሙ ሊገባ ሲል ባለው እሁድ ተቆርጧል፤ ድንኳኑ ተይዟል፣ ሚዜዎቹም ሱፍ ለክተዋል። የቀረው ሙሽራው ብቻ ነው፤ ሙሽራውን ደግሞ የያዙት ጋሽ መንበሩ ናቸው።

ጋሽ መንበሩ ሁለት አመል አለባቸው። አንደኛው፣ ፈቃድ ሲጠየቁ ኩላሊታቸውን የተጠየቁ ያህል ፊታቸው ይጠቁራል። ሌላው ደግሞ፣ እርሳቸው የማይሠሩት ሥራ ሁሉ ቀላል ነው። ግንበኛ ሲያዩ «ድንጋይ መደርደር እኮ ነው» ይላሉ። አዋላጅ ሲያዩ «የሚመጣውን መቀበል አይደለም እንዴ?» ይላሉ። የምንተስኖትን ሥራ ግን ከሁሉም ያቀሉታል፤ ቁጭ ብሎ በጣት መንካት ነዋ። ምን ቢያዙት ማሰሪያቸው አንድ ናት፤ «የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።»

አምናም በዚችው ማሰሪያ ነው ያሰሩት። ያኔም ሠርጉ ተቆርጦ ነበር። «የከበሮውን ሥዕል ወደ ቀኝ አዙርልኝና ሂድ፤ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው» አሉት። ከበሮው ሲዞር ዋሽንቱ ጠፋ። ዋሽንቱ ሲመለስ ክራሩ ዝም አለ። ክራሩ አፉን ሲከፍት ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ደግሞ ማን ይዳራል? ከፋሲካ በኋላ እናድርገው ሲባል ከትርሲት ቤት ሐዘን ገባ፤ እንዲህ እንዲህ ሲል ዓመቱ ዞረ። የትርሲት አባት አቶ ይመር ትዕግሥታቸው አልቆ ዘንድሮ እንዲህ ብለው ላኩበት፤ «አሁንም ከቀረ ሽማግሌዎቹን በመጡበት መንገድ እመልሳለሁ። እኔ ልጄን የሰጠሁት ለሰው ነው፤ ለላፕቶፕ አይደለም።»

እናላችሁ፣ ምንተስኖት በዚያን ዕለት ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ ጋሽ መንበሩ ፊት ቆመ።

«ጋሼ፣ ሠርጌ ደርሷል። ፈቃድ ፈልጌ ነው።»

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለህ» አሉ ጋሽ መንበሩ፤ ፊታቸው መጥቆር ጀምሯል። «መፈለጊያዋን አስገባልኝና ሂድ።»

«ስመለስ ላስገባት። እሷ ከባድ ናት ጋሼ፤ ከወር በታች አትሆንም።»

ጋሽ መንበሩ ሳቁ። ሲስቁ ሆዳቸው ጠረጴዛውን ይገፋዋል። «አንተ ልጅ፣ ሳጥን እኮ ናት። ከላይ በኩል አንዲት ትንሽ ሳጥን ታደርጋለህ። አጠገቧ ያችን የማጉያ መነጽር ሥዕል ትለጥፋለህ። ሰውየው ስም ይጽፋል፣ ድምፁ ይመጣል። ሌላ ምን አላት?»

«ሳጥኗማ ቀላል ናት። ከሳጥኗ ጀርባ ያለው ነው የከበደው።»

«ከሳጥኗ ጀርባ ምን አለ?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ ያለሁት።»

«ቀልድህን ተው።»

«አልቀለድኩም። አንዱ ማሲንቆ ብሎ ይጽፋል፣ አንዱ መሰንቆ ይላል። አንዱ ስሙ ይጠፋውና ‹ያ የሚያባባው› ይላል። ሌላው ደግሞ ምን እንደሚፈልግ የሚያውቀው ሲሰማው ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሰው መሰንቆ ቢልህ ማሲንቆ መሆኑ አይገባህም?»

«እኔማ ይገባኛል» አለ ምንተስኖት። «ኮምፒውተሩ ነው ደሴ ያላደገው።»

ጋሽ መንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ይኼን ሲያደርጉ ነገሩ አበቃ ማለት ነው። «ስማ ምንተስኖት፣ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ጨርሰህ ሂድ፣ መርቄ እሸኝሃለሁ። ሳትጨርስ ከዚህ በር ከወጣህ ግን ተመልሰህ እንዳትገባ።»

እንግዲህ ያዙለት። ቢቀር ሚስት የለም፤ ቢሄድ እንጀራ የለም፤ ያለ እንጀራ ደግሞ አቶ ይመር በየት በኩል አማች ይሉታል? ይኼን ሲያብሰለስል ስልኩ ጮኸ። ትርሲት ናት። ደጅ ወጥቶ አነሣው።

«ፈቀዱልህ?»

«ሊፈቅዱ ነው የኔ ዓለም። አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቻ ቀርታለች።»

ትርሲት «አምናም የቀረችው ትንሽ ከበሮ ነበረች» አለችና ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ምንተስኖት ስልኩን ይዞ ትንሽ ቆመ። ሱቁ በር ላይ ተጫዋቾች መሰብሰብ ጀምረዋል፤ የሠርግ ወቅት ነውና ሁሉም ድምፁን ሊያስተካክል፣ ገመዱን ሊቀይር ይመጣል። አያቸው፣ አያቸውና ፊቱ በራ። ገባ።

«ጋሼ፣ አምኛለሁ። የአንድ ከሰዓት ሥራ ከሆነች እርስዎ ይሥሯት።»

«እኔ ኮምፒውተር የት አውቅና?»

«ኮምፒውተር ማወቅ አያስፈልግም። እርስዎ ራስዎ ሳጥኗን ይሁኑ። ፕሮግራሙን ከፍቼልዎት ይቀመጣሉ። የመጣው ደንበኛ ሳጥኗ ላይ ሊጽፈው የሚችለውን ቃል በአፉ ይነግርዎታል፤ እርስዎ ድምፁን ፈልገው ያመጡለታል። እስከ ምሳ ሁሉንም ካስደሰቱ እኔው ራሴ ለአቶ ይመር ደውዬ ሠርጌን ለፋሲካ አስተላልፋለሁ። ካልሆነልዎት ግን ዛሬውኑ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ ስመለስም ወንበሬ ይጠብቀኛል።»

ጋሽ መንበሩ ደስ አላቸው። ለምን ደስ አይላቸው? ከድምፆቹ ግማሹን ስም ያወጡለት እርሳቸው ናቸው። ወንበራቸውን ሳቡና ኮምፒውተሩ ፊት እንደ ዳኛ ተደላድለው ተቀመጡ።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ ምንተስኖት። «ሳጥን ሰውን ‹ምን ማለትህ ነው?› ብላ አትጠይቅም። እርስዎም አይጠይቁም።»

«ምን አስጠየቀኝ? የማላውቀው ድምፅ አለ እንዴ?» አሉ።

መጀመሪያ የገባችው የሺመቤት ናት፤ የሠርግ ዘፋኝ ናት፣ ጉሮሮዋ ማይክ አይፈልግም ይባልላታል። ነገሩን ሲነግሯት ከትከት ብላ ሳቀችና ሳጥኗ ፊት፣ ማለቴ ጋሽ መንበሩ ፊት ቀረበች።

«ዋሽንት» አለች።

ጋሽ መንበሩ ቃሉ ከአፏ ሳይወርድ አመጡላት። ኪቦርዱን ነካ አደረጉትና ዋሽንቱ አንድ ጊዜ ተንቆረቆረ። ምንተስኖትን ቀና ብለው አዩት፤ እንደ አውራ ዶሮ አንገታቸው ተሰብቋል።

«ይኼ አይደለም» አለች የሺመቤት።

«ዋሽንት አላልሽም?»

«ብያለሁ። ይኼ ጉንፋን የያዘው ነው። እኔ የምፈልገው ሆድ የሚያባባውን ነው፤ ግን ደግሞ ሰው እስኪያለቅስ ያልሆነ። ሠርግ እኮ ነው የምሄደው።»

«እና የትኛውን ነው የምትዪው?»

ምንተስኖት ከጀርባ ሳል አደረገ። «ሳጥን አትጠይቅም።»

ጋሽ መንበሩ ጥርሳቸውን ነከሱ። ከዚያ ብልሃት መጣላቸውና ዋሽንት የሚል ስም ያለውን ሁሉ ዘርግፈው ከላይ እስከ ታች አሳዩዋት። «ይኸውልሽ፣ ቤት ያፈራው ዋሽንት በሙሉ። ምረጪ።»

«ጋሽ መንበሩ፣ ይኼንንማ እኔም ቤት አለኝ። ይኼን ሁሉ እየሰማሁ ስመርጥ ሙሽራዋ አትወልድም?»

በር ላይ ያሉት ተጫዋቾች ሳቁ። አሁን ገብተው ከበሮው ላይም፣ ስፒከሩ ላይም ቦታ ቦታ ይዘዋል፤ እንዲህ ያለ ትርኢት በነጻ የት ይገኛል? ጋሽ መንበሩ ዋሽንቱን አንድ በአንድ ነኩት። አንዱ ቀጠነ፣ አንዱ ወፈረ፣ አንዱ ውኃ ውስጥ የወደቀ መሰለ። የሺመቤት ራሷን ነቀነቀች፣ ነቀነቀች፣ በመጨረሻ አንገቷን አሻሸች።

ምንተስኖት አዘነላትና ጎንበስ ብሎ አንድ ነገር ተጫነ። ያ ዋሽንት ወጣ፤ አባባ፣ ግን አላስለቀሰም። የሺመቤት ዓይኗን ጨፈነች።

«እሱ ነው» አለች።

«ዋሽንት የሚለው ውስጥ እኮ የለም» አሉ ጋሽ መንበሩ፤ ተናደዋል። «ስሙ ማነው?»

«‹የሐይቅ ነፋስ› ይላል።»

«ዋሽንትን የሐይቅ ነፋስ የሚል የትኛው ደነዝ ነው?»

«እርስዎ ነዎት ጋሼ። ሐይቅ ደርሰው የመጡ ዕለት።»

ጋሽ መንበሩ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ያኔ ስሜት መጥቶብኝ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

ሁለተኛው ላቀው ነው። ላቀው የሸዋ በር ሰፈር ኪቦርድ ተጫዋች ነው፤ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ ነው የሚሄደው። የራሱን ድምፆች ራሱ እያጣፈጠ እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ያስቀምጣል። ላፕቶፑን ጋሽ መንበሩ ፊት ዘረጋላቸው።

«ምርጥ ማሲንቆዬን አምጡልኝ።»

«ይኼ ነው ሥራ» አሉ ጋሽ መንበሩ። ወደ ታች ሲወርዱ እውነትም ‹ምርጥ ማሲንቆ› የሚል ተጽፏል። በኩራት ነኩት። እናንተዬ፣ የወጣው ድምፅ ዘይት ያላየ የብረት በር ነው። ደጃፉ ላይ ተኝቶ የነበረ ውሻ ተነሥቶ ማዶ ተሻገረ።

ላቀው በሳቅ ፈረሰ። «እሱማ ለሌባ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሠርግ ተጫዋች ሊበላ ሲነሣ ሌላው ተጫዋች «ቦታህን ልጠብቅልህ» ብሎ ይቀመጥለታል። የሚጠብቀው ግን ቦታውን አይደለም፤ ምርጥ ድምፁን በፍላሽ ቀድቶ ሊሄድ ነው። ይኼን የማያውቅ ተጫዋች ደሴ ውስጥ የለም፤ ይኼን ያላደረገም የለም። ስለዚህ ሁሉም ለሚወደው ድምፅ አስቀያሚ ስም ያወጣለታል፤ ለማይረባው ደግሞ ያማረ ስም ይሰጠዋል።

«ታዲያ የእውነቱ የት—» ብለው ጋሽ መንበሩ ምንተስኖትን አዩና ቀሪውን ዋጡት።

ላቀው ግን ራሱ አዘነላቸው። የሺመቤትን በጎን አያት፤ ወንድሟ ኪቦርድ ይጫወታል። ከዚያ ወደ ጋሽ መንበሩ ጆሮ ጎንበስ አለ። «‹የተበላሸ› የሚለው ነው።»

ጋሽ መንበሩ ፈለጉ። ‹የተበላሸ› አለ። ‹የተበላሸ አትንኩ› አለ። ‹በጣም የተበላሸ› አለ። የመጀመሪያውን ነኩት፤ ምንም ድምፅ የለም።

«እሱ የእውነት የተበላሸ ነው» አለ ላቀው።

ሁለተኛውን ነኩት፤ አስነጠሰ።

«እሱን ላስተካክለው ብዬ የተውኩት ነው።»

ሦስተኛውን ሲነኩት ግን አንድ ማሲንቆ ወጣ፣ የሰው ሁሉ ትከሻ ሳያስፈቅድ ተንቀሳቀሰ። ስፒከር ላይ የተቀመጡት ተነሡ። የሺመቤት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «በጣም የተበላሸ... በጣም የተበላሸ...» ስትል ላቀው ሰማት፤ እንዳትረሳው እያጠናች ነው። ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

«በቃ፣ ዛሬ ሌላ ስም ላወጣለት ነው» አለ።

«እንግዲህ ጋሼ» አለ ምንተስኖት፣ «ሰውየው ‹ምርጥ ማሲንቆ› ብሎ ሲጽፍ ሳጥኗ የቱን ታምጣ?»

«እሱ ተንኮለኛ ስለሆነ ነው።»

«ተንኮለኛ ያልሆነ የሠርግ ተጫዋች ካለ ይንገሩኝ፤ ለእሱ ብቻ ልሥራ።»

ተጫዋቾቹ ሁሉ እርስ በርስ ተያዩና «እኔ አለሁ» የሚል ጠፋ።

ጋሽ መንበሩ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «እስከ ምሳ ነው የተባባልነው። ገና ነው። እነዚህ ሁለቱ ራሳቸው የሚፈልጉትን የማያውቁ ናቸው። አንድ ደህና ደንበኛ ይምጣና ታያለህ።»

ምንተስኖት ሰዓቱን አየ። ኮምቦልቻ የሚወርደው ሚኒባስ ሰው እየሞላ የሚሄድ ነው፤ በዚህ ወቅት ደግሞ ሞልቶ ነው የሚያድረው። ትርሲት እንደገና አልደወለችም፤ አለመደወሏ ከመደወሏ ይልቅ አስፈራው።

ያን ጊዜ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ጋሽ መንበሩ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፈቱት። ሙሄ የሚሉት ተጫዋች ነው፤ ሐይቅ ከተማ ሠርግ እየተጫወተ ነው። ከጀርባው እልልታው፣ የመኪናው ጥሩንባ፣ የሕፃናቱ ጩኸት ሱቁን ሞላው።

«ጋሼ፣ ወላሂ ሙሽራው ደጅ ደርሷል። ያ ድምፅ የት ነው ያለው?»

«የት—» አሉና ጋሽ መንበሩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መጠየቅ የለም።

«ያ እንኳ፣ አምና ወረባቦ ላይ የተጫወትኩት። የሙሽራዋን እናት ከመቀመጫቸው ያስነሣቸው።»

ጋሽ መንበሩ አምና ወረባቦ አልነበሩም። የሙሽራዋን እናትም አያውቋቸውም። ግን ሳጥን ናቸው፤ የተባሉትን መፈለግ አለባቸው። ‹ወረባቦ› የሚል ፈለጉ፤ የለም። ‹ሙሽራ› ፈለጉ፤ እሱም የለም። ‹እናት› ሲሉ አንድ ወጣላቸው።

«ሙሄ፣ አገኘሁት። ‹የእናት ሆድ› የሚለውን ተጫን።»

ሙሄ ተጫነ። በስልኩ ውስጥ እልልታው ቀስ በቀስ እየሳሳ መጣና ቆመ። አንድ የሚያንሰቀስቅ ዜማ ብቻ ቀረ። እንዲያ ያለ ዜማ የሚሰማው ድንኳን ተጥሎ ሰው ጋቢውን አዘቅዝቆ ሲመጣ ነው።

«ጋሼ» አለ ሙሄ በሹክሹክታ፣ «የሙሽራው አያት እያለቀሱ ነው። ሌላ ስጡኝ።»

ጋሽ መንበሩ ላብ አጠመቃቸው። ወደ ታች ሳቡ፣ ወደ ላይ ሳቡ። ክራሩ አለፈ፣ ከበሮው አለፈ፣ ዋሽንቱ በሙሉ አለፈ። የሺመቤት በአንድ ጆሯቸው «የሚያስጨፍር ማለቱ ነው» ትላለች፤ ላቀው በሌላው «ስሙን ደብቆት ይሆናል፣ መጥፎ መጥፎውን ይዩ» ይላል።

«ጋሼ፣ ሙሽራው እግሩን አንሥቷል።»

«ቆይ...»

«ጋሼ፣ እግሩን ሊያሳርፍ ነው።»

«ቆይ ልጄ፣ እዚህ ጋ... አይ፣ ይኼ አይደለም...»

«ጋሼ?»

ጋሽ መንበሩ ስልኩን አዩት፣ ኮምፒውተሩን አዩት፣ ተጫዋቾቹን አዩ። አፋቸው ተከፍቶ ቃል ፈለገ፤ ያገኘው ቃልም ይኼ ነው፦

«ነገ ተመለስ።»

የሺመቤትና ላቀው ተያዩ።

«ነገ?» አለ ሙሄ። «ጋሼ፣ ሙሽራው ነገ አይገባም እኮ።» ከዚያ «በሉ አብሽሩ፣ በጭብጨባ እናስገባዋለን» ብሎ ዘጋ።

የሁሉም ዓይን ወደ ምንተስኖት ዞረ። ምንተስኖት አልሳቀም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሽማግሌ ፊት እንደሚቆም ሰው ትሕትናውን አሳምሮ ቆመ።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ሳጥኗ ‹ነገ ተመለስ› እንድትል ብቻ ከሆነ የፈለጉት፣ እውነትም የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ እኔ እንዲያውም ከምሳ በፊት አደርስልዎታለሁ።»

የሳቁን ነገር ተዉት። የሺመቤት ከበሮው ላይ ተደፋች፤ ላቀው ላፕቶፑን መሬት አስቀምጦ ሳቀ፤ እንዲያ ሲያደርግ ያየው ሰው አልነበረም። ጋሽ መንበሩ ሊቆጡ ፊታቸውን አጠቆሩ፣ ትንሽ እንደጠቆረ ግን ሆዳቸው ከዳቸውና ጠረጴዛውን መግፋት ጀመረ። ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

«ሂድ፣ ሂድ አግባ» አሉት መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ወንበርህን ማንም አይነካውም። ግን የሳጥኗን መልክ አድርግልኝ፤ ሰው ይቺን እየጠበቀ ስንት ጊዜው። ከጀርባዋ ያለውን ስትመለስ ትሠራዋለህ።»

ምንተስኖት ወዲያው ተቀመጠና አንዲት የምታምር ሳጥን ከነማጉያ መነጽሯ ከላይ በኩል አደረገላቸው። ማዕድ ሳይቀርብ ጨርሶ ሚኒባሱ ውስጥ ነበር። መንገድ ላይ ደውሎ «መጣሁ» ሲላት ትርሲት መጀመሪያ አላመነችም፤ የሚኒባሱን ረዳት በስልክ አነጋግራ ነው ያመነችው። እሁድ ተዳሩ፤ አቶ ይመርም ሽማግሌዎቹን መመለሳቸው ቀርቶ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሲጨፍሩ ዋሉ።

ያቺ ሳጥን ታዲያ ሙሽራው እስኪመለስ ድረስ ማንም ምንም ቢጽፍባት «ነገ ይመለሱ» እያለች ከረመች። እናንተ ሆዬ፣ በደሴ ተጫዋች ሁሉ መሃል አንድም ቅር ያለው ሰው አልተገኘም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም ወረፋ እንዳይቀደሙ በማግስቱ በማለዳ ተነሥተው ነበር የሚጽፉት።